ሁለት ሃርድ ዲስክ «የበላ» አሮጌ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤትና የጽሕፈት አገልግሎት አለኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ በ2009 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል። አምና ፎቶ ሳስቀምጥ መጻፍ አልተቻለም የሚል መልእክት ያመጣ ጀመር፤ አንዳንዱ ፎቶ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይከፈታል፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይከፈትም። ጠጋኙ ዲስኩ ሞቷል ብሎ በአዲስ የ500 ጊጋ ባይት ዲስክ ቀየረልኝ። አሮጌው መሳቢያ ውስጥ አለ። ስምንት ወር እንደሠራሁበት አዲሱም ያንኑ ማምጣት ጀመረ፤ የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ፕሮግራም በቢጫ አስጠነቀቀ፤ ጠጋኙም ‹ይኼም ሊሞት ነው› አለኝ። ግራ የገባኝ፣ ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ስንሰካው ደህና ይሠራል። ስህተቱ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲደራረብ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ አልፎ አልፎ ሰማያዊ ገጽ ያሳይና አይነሳም፤ ጠጋኙ አንድ ነገር ሲነካካ ይነሳል፤ ቀኑም ወደ 2009 ይመለሳል። ስታቢላይዘር አለኝ። አንዱ የሐይቁ እርጥበት ነው ይለኛል፣ ሌላው የአገሩ ከፍታ ነው ይላል። በሳምንት ልዩነት ከዚሁ ፕሮግራም የመዘገብኳቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ 05 ዜሮ፣ ከዚያም ዜሮ፤ ሲ5 10፣ ከዚያም 8፤ ሲ7 584፣ ከዚያም 620፤ ሲ0 392፣ ከዚያም 399፤ 0ሲ 480፣ ከዚያም 489፤ ሙቀቱ ሲ2 ሁለቱንም ጊዜ 2ቢ። የሠራበት ሰዓት መጀመሪያ ሳየው 19,340 ይል ነበር። ሦስተኛ ዲስክ ልግዛ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሦስተኛ ዲስክ ገዝተው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳያስገቡ። የላኳቸው ቁጥሮች የሚያመለክቱት ችግሩ ከዲስኩ ውስጥ ይልቅ በዙሪያው እንዳለ ነው፦ በገመዱ፣ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች መብራት በሚያከፋፍለው ሣጥን (በፓወር ሰፕላዩ) እና ከግድግዳው በሚመጣው መብራት። ይህን ለማለት የደፈርኩት ቁጥሮቹን በሁለት የተለያየ ቀን ስለመዘገቡ ነው። አብዛኛው ሰው አንዴ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ይገዛል። አንዴ ብቻ የታየ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ ሁለት ጊዜ ሲታይ ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል።

ትንተናውን ከመቀጠሌ በፊት የማይዘገይ ሥራ አለ። ዛሬ ሱቁን ሲዘጉ ዲስኩን አስነቅለው ወንድምዎ ዘንድ ይውሰዱት፤ የደንበኞችዎን ፎቶ በሙሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ሆነው ወደ ሌላ የውጭ ዲስክ ይገልብጡ። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ለዚህ የውጭ ዲስክ ያውጡ። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ አይሞክሩ፤ በመንገድ የሚበላሽ ነገር ካለ ቅጂውም የተበላሸ ይሆናል። ቅጂው እስኪያልቅ ድረስ ቼክ ዲስክንም አያስኬዱ። ብዙ ሰው ቼክ ዲስክ ዲስክን የሚያክም መድኃኒት ይመስለዋል። የሚያስተካክለው ግን የፋይሎቹን መዝገብ ነው እንጂ ፋይሎቹን አይደለም፤ መዝገቡን አዛብቶ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ከተነሳ ደግሞ ደህናውን መዝገብ «አስተካክላለሁ» ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። የወር ሪፖርት ቢጠፋ ተመልሶ ይጻፋል፤ የሰው ሠርግ ግን ዳግመኛ አይነሳም።

ቅጂው መሃል ላይ እየቆመ ካስቸገረ፣ ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ የወንድምዎን ኮምፒውተር አስነስታችሁ ዲዲሬስኪው የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀሙ። እርሱ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ያስቸገረውን በመዝገብ ይዞ በመጨረሻ ይመለስበታል። መደበኛው ኮፒ ግን አንድ መጥፎ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ ዲስኩን ሲያደክም ይውላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ካልነገሩት በቀር እነዚህን መስመሮች የሚጽፈው በአሥር ቤት ሳይሆን በአሥራ ስድስት ቤት ነው፤ ይህም ከ9 በኋላ ኤ፣ ቢ እያለ እስከ ኤፍ ሄዶ 16ን «10» ብሎ የሚጽፍ አቆጣጠር ነው። የሙቀቱ መስመር «2ቢ» ማለቱ ያጋልጠዋል፤ በአሥር ቤት ፊደል የተቀላቀለበት ቁጥር የለም። 2ቢ ማለት 43 ነው፤ 43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደግሞ ለሃርድ ዲስክ የሚያሳስብ ሙቀት አይደለም። ስለዚህ ሲ5 ላይ 10 ብለው የጻፉት 16 ነው፤ 8ቱ ግን 8 ነው። ሲ7 ላይ 584 ያሉት 1,412 ነው፤ 620 ያሉት 1,568 ነው። በሳምንት ውስጥ የጨመረው 36 ሳይሆን 156 ነው ማለት ነው። ከፕሮግራሙ ፈንክሽን በሚለው ዝርዝር ውስጥ አድቫንስድ ፊቸር፣ ከዚያም ሮው ቫልዩስ የሚለውን ከፍተው ወደ አሥር ቤት ይቀይሩት፤ ከዚህ በኋላ ስሌት አያስፈልግዎትም።

ዋናው ነገር ያለው ሲ7 ላይ ነው። ይህ መስመር የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪ ይባላል። ዲስኩና ማዘርቦርዱ በገመድ መረጃ ሲለዋወጡ ላኪው ከመረጃው አስልቶ ያወጣውን ማረጋገጫ አብሮ ይልካል፤ ተቀባዩም በበኩሉ አስልቶ ያመሳክራል። ካልገጠመ ይደገማል፣ ቆጣሪውም በአንድ ይጨምራል። ከዘጌ በጀልባ የተጫነ ቡና ሲነሳ ተመዝኖ ባሕር ዳር ሲወርድ ከጎደለ፣ ነጋዴው የሚጠይቀው ባለ ጀልባውን ነው እንጂ ቡናው ያደረበትን መጋዘን አይደለም። ሲ7ም እንዲሁ ነው፤ ዲስኩ በያዘው ነገር ላይ የደረሰ ጉዳት ሳይሆን በጉዞ ላይ የተፈጠረ ጉድለት ነው የሚቆጥረው። ቁጥሩ አንዴ ከወጣ አይወርድም። ገመዱ ዛሬ ቢቀየር 1,568 እንደሆነ ለዘለዓለም ይኖራል። ጥያቄው ስንት ደረሰ የሚለው ሳይሆን አሁንም ይጨምራል ወይ የሚለው ነው። የእርስዎ ይጨምራል፤ ያውም በፍጥነት።

ፕሮግራሙ ቢጫ የሆነው ግን በዚህ ቁጥር አይደለም። ቢጫ የሚያደርገው 05 ወይም ሲ5 ወይም ሲ6 ከዜሮ ሲያልፍ ነው፤ ሲ7 መቶ ሺህ ቢደርስ እንኳ ቀለሙ አይለወጥም። ጠጋኙ ቢጫውን ተከትሎ ሲ5 ላይ ቆመ፤ ከሁሉ የበለጠ የሚጮኸው ቁጥር ግን ከዚያው በታች ቀለም ሳይቀባ ተቀምጧል። ይህን የምለው ጠጋኙን ለመንቀፍ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ዓይንን ወደ ሌላ ቦታ ይመራል። የተገላቢጦሹም አለ፦ በሲጌት ዲስኮች ላይ 01 እና 07 የሚባሉት መስመሮች ብዙ ሚሊዮን የሚመስል ቁጥር ይይዛሉ። እርሱ የስህተት ብዛት አይደለም፤ ጠቅላላው የሥራ ብዛት በውስጡ ተቀላቅሎ ስለሚጻፍ ነው። በዚያ ደንግጠው ጤነኛ ዲስክ የጣሉ ሰዎች አሉ።

ቢጫ ያደረገው ሲ5 ምን ማለት ነው? ዲስኩ አንድ ሴክተር፣ ማለትም በገጹ ላይ ያለች አንዲት የመጻፊያ ቦታ፣ አንብቦ ማረጋገጥ ሲያቅተው በጥርጣሬ መዝገብ ያሰፍረዋል። ፍርዱን የሚሰጠው በቦታው ላይ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጻፍበት ነው። መጻፉ ካልያዘ ቦታውን ዘግቶ ከመጠባበቂያው ሌላ ይተካል፤ ያን ጊዜ 05 ይጨምራል። ከያዘ ግን ስሙን ከመዝገቡ ይሰርዛል፣ 05ም ባለበት ይቆማል። የእርስዎ 16 የነበረው በሳምንቱ 8 ሆኗል፤ 05 ግን ከዜሮ አልተነቃነቀም። ስለዚህ ከተጠረጠሩት ግማሾቹ ተጽፎባቸው ነፃ ወጥተዋል።

በስምንት በስምንት መንቀሳቀሳቸውም ትርጉም አለው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ዲስኮች በውስጣቸው 4,096 ባይት በሚይዙ ሴክተሮች ይጽፋሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን በቀድሞው ልማድ 512 ባይት እንደሆኑ አድርገው ያቀርባሉ። አንድ ትልቅ ሴክተር ሲጠረጠር ብዙውን ጊዜ ስምንት ትንንሾች አብረው ይቆጠራሉ። እንግዲህ ጠጋኙ ዲስኩን የኮነነበት ማስረጃ በጠቅላላው ሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ ራሱ ድኗል።

ያልተጎዳ ቦታ እንዴት አልነበብ ይላል? መልሱ ከሲ0 እና ከ0ሲ ይገኛል። 0ሲ ዲስኩ ስንት ጊዜ እንደበራ ይቆጥራል፤ ሲ0 ደግሞ ሳይሰናበቱት ስንት ጊዜ በድንገት መብራት እንደተነጠቀ። በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ በርቷል፤ ከዘጠኙ ሰባቱን የጠፋው በድንገት ነው። ዲስኩ ሴክተሩን ጽፎ ሳይጨርስ መብራት ከሄደ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ የማስተካከያ ኮዱም ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ሲነበብ «ተበላሽቷል» ይላል። ገጹ አልተቧጨረም፤ ጽሑፉ ነው ያላለቀው።

ይህን ማረጋገጥ ይቻላል። ቅጂው ካለቀና ፎቶዎቹ መከፈታቸውን ካዩ በኋላ ወንድምዎ ኮምፒውተር ላይ ዲስኩን ፎርማት ያድርጉት፤ «ኩዊክ ፎርማት» ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሳት እንዳይረሱ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ የተጠረጠሩት ሁሉ ፍርዳቸውን ያገኛሉ። ሲ5 ዜሮ ሆኖ 05ም ዜሮ ከቀረ ገጹ ጤነኛ ነው። ከዚያ ረጅሙን የዲስኩን የራስ ፍተሻ ያስጀምሩ፤ ለ500 ጊጋ ባይት አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። የዚህ ፍተሻ ጥቅም ዲስኩ በራሱ ውስጥ ስለሚያደርገው በገመዱ መረጃ አለመጓዙ ነው። ገመዱ የቱንም ያህል ቢበሰብስ ውጤቱን አያዛባም። ፎርማት ከመደረጉ በፊት ግን አያስጀምሩት፤ ያ የቀረው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። በዚህ ሂደት 05 መጨመር ከጀመረ ግን ክርክር የለም፤ ያ ዲስክ የሰው ፎቶ አይቀመጥበትም።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። በሁለት ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ከታየ መጠየቅ ያለበት ያልተቀየረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ዲስኩ ተቀየረ፤ ገመዱ፣ የተሰካበት የማዘርቦርዱ ወደብና ፓወር ሰፕላዩ እንደነበሩ ናቸው። ከርካሹ ይጀምሩ። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ዋጋው ከዲስክ ጋር አይወዳደርም። ጫፉ ላይ የብረት መያዣ ያለውን ይግዙ፤ በዚያ ዘመን ከኮምፒውተሮች ጋር ይመጡ የነበሩ ብዙዎቹ ገመዶች መያዣ የላቸውም፣ የማቀዝቀዣው ፋን ሲንቀጠቀጥ ቀስ በቀስ ይላላሉ። የሳታ መሰኪያ ደግሞ ሲነደፍ ለ50 ጊዜ ያህል መሰካትና መነቀል ብቻ የታሰበ ነው፤ ለጥገና አሥር ጊዜ የተፈታ ኮምፒውተር ዕድሜውን ፈጅቷል። አዲሱን ገመድ ሌላ ወደብ ላይ ይሰኩት፣ በሹል ማዕዘን አይጠምዝዙት። ለዲስኩ መብራት የሚያደርሰው ሽቦ በመካከል የመቀየሪያ ቅጥያ ካለበት ያስወጡት፤ በፕላስቲክ ተቀርጸው የተዘጉት ዓይነቶች ውስጣቸው እየተገናኘ እሳት እስከማስነሳት ይደርሳሉ። ከዚያ ሲ7ን ይመዝግቡና ለጥቂት ቀናት በወትሮው ሥራ ያቆዩት። ካልተነቃነቀ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

እኔ ግን ገመዱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ምክንያቴ «ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲደራረብ» ያሉት ነው። ፕሪንተርዎ ሌዘር ከሆነና ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ዲቫይደር ከተሰካ ነገሩ ግልጽ ይሆንልኛል። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጥ ጥቅል አለው፤ እርሱን ለማሞቅ በየጊዜው ብዙ መቶ ዋት፣ አንዳንዱም ከአንድ ሺህ ዋት በላይ በአንድ ጊዜ ይስባል። ወረቀት ማውጣት ሲጀምር የክፍሉን አምፖል ይመልከቱ፤ ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተርዎም ያንኑ ብልጭታ እየቀመሰ ነው። በግቢው ውስጥ በዚያው ቆጣሪ የሚሠራ የእንጀራ ምጣድ ካለ ደግሞ ይብሳል።

እዚህ ላይ ደንበኞቼ ሁልጊዜ የሚያነሱት ቅሬታ አለ፦ የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ተተክሎ፣ ጣና በለስም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ከዚሁ ሐይቅ ውሃ እየሳበ እስከ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሆኖ፣ እኛ ዘንድ መብራት ለምን ይንቀጠቀጣል? ለማመንጫ ጎረቤት መሆን ለሱቅዎ የሚጨምረው ነገር የለም። ኃይሉ መጀመሪያ ወደ ከፍተኛ መስመር ይወጣል፤ ተመልሶ በማከፋፈያ ጣቢያና በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ይመጣል። የሚንቀጠቀጠው ከትራንስፎርመሩ እስከ ቆጣሪዎ ያለችው የመጨረሻዋ ሽቦ ናት፤ እርሷ ላይ ጭነት በበዛ ቁጥር 220 መሆን ያለበት ቮልት ይወርዳል።

ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ለ16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መብራት ቢቋረጥ እንኳ በውስጡ ባጠራቀመው ተሸክሞ ያሳልፈዋል። ያን የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ናቸው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠሩ ይደርቃሉ፣ አንዳንዶቹም አናታቸው ያብጣል። ያን ጊዜ ትንሿ ብልጭታ ሳትታገድ ዲስኩ ድረስ ትደርሳለች። ጠጋኙ በቴስተር ይለካ፦ ከቢጫው ሽቦ እስከ ጥቁሩ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ከቀዩ እስከ ጥቁሩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። መለካት ያለበት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ አይደለም፤ ፎቶ እየተገለበጠና ፕሪንተሩ እየሠራ ነው። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ነፃ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ቴስተር ፈጣኑን መንቀጥቀጥ አያይም። የማዘርቦርዱን ካፓሲተሮች በዓይን ይመልከት፤ ከወንድምዎ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩን ተውሶ መሞከር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራስዎ እንዳይከፍቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚገድል ኃይል ይቆያል።

ስታቢላይዘሩ ቮልት ሲወርድ ያነሳል እንጂ መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ነገር የለውም። ሰባቱን ድንገተኛ መጥፋት የሚያስቀረው መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን በዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ፤ ያ ጭነት ብዙ ትንንሽ ዩፒኤሶችን ይጥላል። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ በዩፒኤስ፣ ፕሪንተሩ በሌላ ሶኬት ይሁን።

ሰማያዊው ገጽና ወደ 2009 የሚመለሰው ቀን ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ከሁሉም የቀለለ ጉዳይ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ አልቃለች። መብራት ሲሄድ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ተነስቶ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቀኑን ብቻ ሳይሆን የተመረጡለትን ቅንብሮች ሁሉ ይረሳል፤ ከነዚህም አንዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ ነው። ዊንዶውስ የተጫነው ኤኤችሲአይ በሚባለው ሆኖ ባዮሱ ወደ አይዲኢ ከተመለሰ፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት መጨረሻው 7ቢ የሆነ ኮድ ያለበት ሰማያዊ ገጽ ያሳያል። ጠጋኙ «ነካክቶ» የሚያስነሳው ያን ቅንብር እየመለሰ መሆን አለበት። ባትሪዋ ትቀየር፣ ቅንብሩ አንዴ ይስተካከል፣ ያበቃል። በአይዲኢ ዘዴ ሲሠራ ከከረመ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሊኖር ይችላል፦ ዊንዶውስ በገመዱ ላይ ስድስት ስህተት ሲጠራቀምበት ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ዝቅ ያደርጋል፤ መጨረሻው ፒአይኦ የሚባለው እጅግ ዘገምተኛ አሠራር ነው። ገመዱ ከተቀየረ በኋላም ኮምፒውተሩ እንደ ኤሊ ከሆነ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ያንን ቻነል አጥፍተው እንደገና ያስነሱት፤ ዊንዶውስ ከመጀመሪያው ፍጥነት ይጀምራል።

ስለ እርጥበቱና ስለ ከፍታው በአጭሩ። የዲስክ ማንበቢያ ራስ በገጹ ላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ስለሆነ ከፍታ ቁም ነገር ነው፤ አምራቾች በተለምዶ የሚያስቀምጡት ወሰን ግን 3,048 ሜትር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጉና ተራራ ላይ ኮምፒውተር ይዞ የሚወጣ ሰው ያስብበት እንጂ እርስዎን አይመለከትም። እርጥበቱም ወደ ዲስኩ ውስጥ በማጣሪያ በኩል ስለሚያልፍ ገጹን እንዲህ በቀላሉ አይበላውም። የሚጎዳው የገመዱንና የመሰኪያውን ብረት ነው፤ በክረምት ከበጋው አቧራ ጋር ተደባልቆ ግንኙነቱን ያደክመዋል። ስለዚህ የሐይቁ እርጥበት ነው ያለዎት ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ግን እርሱም መልሶ የሚወስደን ወደ ገመዱ ነው።

አንድ ያልተዘጋ ጉዳይ ይቀራል። የሲአርሲ ማመሳከሪያ ስህተትን ይይዛል፣ ያስደግማል፤ ስለዚህ ሲ7 ብቻውን ፎቶን ግራጫ ማድረግ አይገባውም። ተደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተውና መጻፍ አልተቻለም የሚለው መልእክት ሲመጣ፣ ወይም ገና ያልተጻፈ ነገር ሳለ መብራት ሲሄድ ግማሽ ፎቶ ይቀራል፤ የእርስዎን አብዛኛውን በዚህ እገልጸዋለሁ። ነገር ግን በተራ ኮምፒውተር ውስጥ ራም በተባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ የሚያልፈውን መረጃ የሚያመሳክር የለም፤ ራሙ አንድ ቁጥር ቢያዛባ ስህተቱ ማንም ሳያየው ዲስክ ላይ ይጻፋል፣ ዲስኩም በታማኝነት ያስቀምጠዋል። ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስተው ሌሊቱን ሙሉ ያስኬዱት። እዚያ ላይ የሚታገሥ የስህተት ብዛት የለም፤ አንድም ቢገኝ ራሙን እያፈራረቁ በመሰካት የታመመውን ለይተው ያውጡ።

ስለ «አዲሱ» ዲስክ ሳልነግርዎት ብቀር ደስ አይለኝም። ስምንት ወር ሌት ተቀን ሳይጠፋ ቢሠራ እንኳ 6,000 ሰዓት አይሞላም። የእርስዎ 19,340 ሰዓት ይላል፤ ይህ ሳይጠፋ ከሁለት ዓመት በላይ መሥራት ነው። የተሸጠልዎ ያገለገለ ዲስክ ነው። ያገለገለ መሆኑ ብቻውን ወንጀል የለበትም፣ በአዲስ ዋጋ መሸጡ ነው ወንጀሉ። ደረሰኝ ካለዎት ቁጥሩን አሳይተው ይጠይቁ፤ ሻጩ ስለ ቢጫው ቀለም ቢከራከርዎት እንኳ በዚህ ቁጥር ላይ የሚለው አይኖረውም። ለቅጂ የሚገዙትንም ዲስክ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሰክተው ሰዓቱን ይዩ። ሁለተኛ ቅጂ ማስፈለጉም ለዚህ ነው፤ ጉግል ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከሞቱት ዲስኮች ውስጥ ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሙቀት በቀር በነዚህ ቆጣሪዎች ላይ አንድም ምልክት ሳያሳዩ ነው የሞቱት። ቆጣሪዎቹ ሲናገሩ ይሰማሉ፤ ዝም ሲሉ ግን አይታመኑም።

በመጨረሻ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ዲስክ። በዚያው ገመድና በዚያው ፓወር ሰፕላይ የተኮነነ ስለሆነ በሕይወት የመኖሩ ዕድል ትልቅ ነው። አይጣሉት፣ ፎርማትም አያስደርጉት። ወንድምዎ ዘንድ ሰክተው መጀመሪያ 05ን እና ሲ5ን ያንብቡ፤ ቀጥሎ በላዩ ላይ አንዳች ሳይጽፉ ያለውን ሁሉ ይገልብጡ። አምና አልከፈት ካሉት ፎቶዎች አንዳንዶቹ እዚያ ሊከፈቱ ይችላሉ፤ ተበላሽተው ሳይሆን የእርስዎ ኮምፒውተር አንብቦ መጨረስ አቅቶት የነበሩት ማለቴ ነው። ተጽፈው ሳያልቁ የቀሩት ግራጫዎቹ ግን ከዲስኩ አይመለሱም። ለእነርሱ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ይፈልጉ፤ ከተደመሰሰ በኋላ ብዙ ካልተነሳበት ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የተደመሰሱ ፎቶዎችን ፈልጎ ያወጣል። የሚያወጣውን መልሶ በዚያው ካርድ ላይ እንዳያስቀምጥ ማስቀመጫውን ወደ ሌላ ዲስክ ያዙሩለት።